ሦስተኛው ምስክር

ኅዳር 23፣ ሰኞ። ማታ 1 ሰዓት።

ዛሬ ዐሥራ ዘጠኝ ተመላሾች ተመዝግበዋል። አንድም ስርዝ የለም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ዕድሜ፣ ወረዳ፣ የወጡበት ዓመት፣ ተቀባይ። መስመሩን ያሰመርሁት ራሴ ነኝ፤ የመጣልን ፎርም ጠባብ ነበር፣ የአያት ስም አያስገባም። አዳራሹ ይቀዘቅዛል። ሲሚንቶ ወለል፣ ፍራሽ በፍራሽ ላይ፣ ከጂዳና ከሪያድ የተመለሱ ሴቶች፣ አንዳንዶቹ ልጅ አዝለዋል። ወደየወረዳቸው እስኪሸኙ እዚሁ ናቸው።

አዲስ በጎ ፈቃደኛ መጣች። ስመኝ ትባላለች። የቁይ ከተማ ልጅ፤ ዐሥረኛን ጨርሳ እዚህ ደብረ ማርቆስ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣለች። ቅጹን ስትሞላ ዕድሜ ላይ ቆም አለች። በእውነት ሙዪው አልኋት። 16 ብላ ጻፈች። የእጅ ጽሕፈቷ ደስ ይላል። ለምን መጣሽ ብላት ሳታፍር ነገረችኝ። ቤይሩት ልትሄድ ነው። እስከዚያው ከተመለሱት ሴቶች ዐረብኛ መልቀም፣ የቱ አገር እንደሚሻል መጠየቅ ትፈልጋለች። ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት፣ ለራሷ የልብስ ስፌት ሱቅ። የሱቁን ስም እንኳ አውጥታለታለች፤ ለእኔ ግን አትነግረኝም።

ሳቅሁ። ደብተሬ፣ መሳቄን መዝግብልኝ።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ።

ስመኝ ትንሽ ደብተር ይዛ ከፍራሽ ፍራሽ ትዞራለች። ውሃ ምን ይባላል? ደከመኝስ? አንዲት የደጀን ሴት ልጇን እያጠባች መለሰችላት። «ደከመኝን ተዪው፣ እዚያ የሚጠይቅሽ የለም። ‹ያላ›ን፣ ‹ቶሎ በይ›ን ብቻ ያዢ፤ ሌላው በጥፊ ይገባሻል።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስመኝም ሳቀች። ግን ጻፈችው።

ሥራ ላይ አትታማም። የሴቶቹን ፀጉር ታጥባለች፣ ሕፃናት ታባብላለች። አስተባባሪያችን ወ/ሮ ከድጃ ስልኩን ለእሷ ሰጥተዋታል። ለየቤተሰቡ እየደወለች ልጃችሁ በደህና ገብታለች ትላለች። ከሰዓት አንድ አባት ጤንነቷን ሳይጠይቅ ምን ይዛ መጣች አለ። ስመኝ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። መልሳ አስጠጋችው። ራሷን ይዛ መጥታለች አለችው። ጎበዝ።

ወደ ቤት መንገዳችን አንድ ነው። ዛሬ ስመኝ እስከ አክስቷ በር ድረስ ደብተሯን አልገለጠችም።

ኅዳር 27፣ ዓርብ።

አንድ አውቶቡስ ገባ። ረዥም ሰልፍ። ስም? አንጓች መኩሪያ። እጄ ጻፈ፤ ልቤ አላወቀም። የአያት ስም፣ ጻፍሁ። ዕድሜ?

መልስ ሲጠፋ ቀና አልሁ። ከሲታ ሴት። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳለች።

«የትኛውን ልንገርዎ ቲቸር? የእናቴን ነው የእርስዎን?»

በክፋት አይደለም የጠየቀችው። ተማሪ ጥያቄው ሳይገባው ሲቀር እንደሚጠይቀው ነው። ብዕሬ ቆመ። የዕድሜውን ቦታ ባዶ ተውሁና ወረዳ ብዬ ቀጠልሁ። በዚህ መዝገብ የመጀመሪያው ባዶ ቦታ።

ስመኝ ከጎኔ ነበረች። ምን ማለቷ ነው አለችኝ። መንገዱ አድክሟት ነው አልሁ።

ዋሸሁ። ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ።

አዳራሽ አልሄድሁም። ጉንፋን ይዞኛል አልሁ። ባለቤቴ አልማዝ፣ ጉንፋን ሳል ነበረው፣ ያንተ ሳል የት ሄደ ብላ ዝንጅብል አፈላችልኝ። ጠጣሁ።

መጻፍ አለብኝ። በቅደም ተከተል።

ከሰባት ዓመት በፊት። አንጓች የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ተማሪዬ። አንደኛ ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል። አባቷ አቶ መኩሪያ በደብረ ኤልያስ በኩል ገበሬ ናቸው። እሷና ታላቅ ወንድሟ እዚህ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይተው ይማሩ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አባት ስንቅ ያመጣሉ። አንድ ቅዳሜ ልጅቱን አስከትለው ወደ ቤቴ መጡ። ዐረብ አገር ልትሄድ ነው። ፓስፖርት ለማውጣት የቀበሌ መታወቂያ ያስፈልጋታል። የልደት ወረቀት የላትም። እንዲህ ሲሆን ሦስት የሚያውቋት ሰዎች ቀበሌ ቀርበው ዕድሜዋን ይመሰክራሉ። ሁለቱ ተገኝተዋል፤ ሦስተኛው እርስዎ ይሁኑልን አሉኝ። እርስዎ ካሉ ማን ይጠይቃል አሉ።

15 ነበረች። 21 ናት ብዬ መሰከርሁ።

ያ ብቻ ቢሆን። ወንድሟ ዕድሜው 19 ነው፣ መታወቂያም አለው። እሷ 21 ከሆነች ታላቅየው ታናሽ ሊሆን ነው። በ21 ዓመት ስምንተኛ ክፍል ምን ትሠራለች የሚል ጥያቄም ይመጣል። ስለዚህ ከምስክርነቱ በፊት ባለው ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዤ አሰላሁ። ትምህርት ዘግይታ ጀመረች። ሁለት ዓመት ታማ አቋረጠች። ወንድሟ ታናሿ ነው፤ ቁመቷም ያሳምናል። ሁሉንም ከት/ቤቱ መዝገብ ጋር አገናዘብሁ። ሁለቱ ምስክሮች ቀበሌ ቀርበው ራሳቸውን ከመነቅነቅ በቀር ያሉት የለም። የቀበሌው ጸሐፊ የጠየቀው እኔን ነው። አንድ ጥያቄ አላቃተኝም።

ለምን አደረግሁት? አባት ለመኑኝ። ልጅቱ አለቀሰች። እነዚህ እውነት ናቸው፣ ግን ምክንያቴ እነሱ አይደሉም። «እርስዎ ካሉ» መባሉ ጣመኝ። ስወጣ ጸሐፊው ከወንበሩ ተነሥቶ ነው የሸኘኝ። በሥራዬ ኮርቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

ኅዳር 30፣ ሰኞ።

ተመለስሁ። ስመኝ በሌለሁበት መዝገቡን ይዛ ቆይታለች። መስመሩን እንደ እኔ አስምራዋለች። በማስመሪያው ጠርዝ የቀለም ነጠብጣብ እንኳ የለም። ተሽሎዎታል ቲቸር? አዎ።

አንጓች ሁሉንም ታስፈቅዳለች። ልቀመጥ? ልብላ? ውጭ ልውጣ? ወ/ሮ ከድጃን፣ ስመኝን፣ ምግብ የምታቀርበውን ልጅ ሳይቀር። ወ/ሮ ከድጃ፣ እዚህ ጌታ የለሽም እህቴ፣ ቤትሽ ነው አሏት። እሺ አለችና፣ እንግዲያው ልቀመጥ? አለች።

ስመኝ ለአቶ መኩሪያ ደወለች። አሁን እህል ውቂያ ላይ ነን፣ ከገና በኋላ መጥቼ እወስዳታለሁ አሉ። ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ እኔ ድረስ ይሰማል። ስመኝ ስልኩን ዘጋች። አንጓች ፍራሿ ላይ ሆና ታያታለች። ስመኝ ኔትወርክ የለም አለቻት፤ ነገ እሞክራለሁ አለቻት።

ውሸቷን ሳታደናቅፍ፣ ዓይኗን ሳትሰብር ተናገረችው። ለደግ ነው። እኔም ለደግ ነበር ስል የኖርሁት።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ።

ከሰዓት፣ ወደ ቤት ስንሄድ። ስመኝ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች፣ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አለች።

አወቅሁት። ከአፏ ሳይወጣ አወቅሁት።

ሁለት ምስክር አላት፣ አክስቷና የአክስቷ ጎረቤት። የሚወስዳት ደላላ መንገዱ በካርቱም ነው ብሏታል፤ በሳምንት ውስጥ መታወቂያው ካልወጣ ትቷት ይሄዳል። ዐሥራ ስምንት መሙላቴ እንዳያጠራጥር ሃያ አንድ ይበሉልኝ አለች። ቀበሌ ጠይቃለች። መምህር ከመሰከሩልሽ አለቀ ብለዋታል።

እነዚህን ሁሉ እያየሽ? አልኋት። አስባበታለች። እነሱ ሳያውቁ ነው የሄዱት፤ እኔ ግን ዐረብኛ ይዣለሁ፣ ማንን እንደምጠይቅ፣ ምን ላይ እንደማልፈርም አውቃለሁ አለች። አንጓች ልጅ ሆኜ ነው የሄድሁት ብላኛለች አለች። አንቺስ ብዬ ዓይኗን አየሁት። እኔ ገብቶኛል፤ እሷ ሳይገባት ነው አለችኝ።

እንቢ ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል። እንቢ ካልሁ ግን ለምን ትለኛለች። ለምን ካለች ደግሞ አንጓችን መንገር ነው።

እናያለን አልሁ። ፊቷ በራ። እናያለን ስል እሺ ማለቴ መሰላት።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ።

አንጓች ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ነበረች። አጠገቧ ተቀመጥሁ። መጀመሪያ ስለ ብርዱ አወራሁ። ከዚያ ስለ ወንድሟ። ጤና ጣቢያ ተቀጥሯል አሉ አለች። ደስ አላት። «በወረቀት ታናሼ ነው አይደል?» ብላ ሳቀች። ጥርሷ ጎደሎ ነው።

ይቅርታ ልል ነበር የሄድሁት። ሳልናገር ቀደመችኝ፤ አልተቀየምሁዎም አለች። «አልቅሼ የለመንሁዎ እኔ አይደለሁ? ያኔ እንቢ ቢሉኝ ዕድሜ ልክዎን እረግምዎ ነበር።» ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። በሄደች በዓመቷ ከምትሠራበት ቤት ጠፍታ አንድ መጠለያ ገባች። እዚያ ዕድሜያቸው ያልደረሰውን ለይተው መጀመሪያ ወደ አገር ይልኩ ነበር። የልጆቹ ሰልፍ ውስጥ ገብታ ቆመች። 16 ነኝ አለች። ፓስፖርቷን አዩ፤ 22 ይላል። አለቀሰች። አስተርጓሚዋ ያገራችን ሴት ናት፤ አዘነችላት፤ መልሳ መላልሳ ጠየቀችላት። መቼ ተወለድሽ? ትምህርት መቼ ጀመርሽ? ወንድምሽ ስንት ዓመቱ ነው? አንጓች ስትደናገጥ እኔ ያስጠናኋትን መለሰች። ቀበሌ ብትጠየቅ እንድትመልስ አስጠንቻት ነበር። ሁሉም ከወረቀቱ ጋር ገጠመ። ከሰልፉ አወጧት። ሌላ ቤት ገባች። ስድስት ዓመት።

ስድስቱን ዓመት አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅሁ።

ደብተሬ፣ ዐርባ ዓመት ሙሉ ለተማሪ፣ ፈተና ሲያስጨንቅህ ያጠናኸው ይመጣልሃል ስል ኖሬያለሁ። መጣላት።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ።

የበዓታ ዕለት። ቅዳሴ አስቀድሼ ወጣሁ፤ ድፍረት እንዲሰጠኝ ጸልዬ ነበር፣ አላገኘሁትም። ስመኝ የአዳራሹ በር ላይ ጠበቀችኝ። ምን አሰቡ ቲቸር?

ምን እንዳልኋት ለመጻፍ ራሴን ማስገደድ አለብኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀበሌ ምስክርነቴን አይቀበልም፣ ደንቡ ተቀይሯል አልኋት። አመነችኝ። እንዲያውም አዘነችልኝ። ይኼን ሁሉ ዓመት አስተምረው! አለች።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ።

ቀበሌ ሄዳ ጠይቃለች። ጸሐፊው ስቆባት፣ መምህር ጡረታ የወጡት ከክፍል ነው እንጂ ከከተማው አይደለም ብሏታል።

ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ ቆመች። ሰው እየሰማ ነው። «እንደማያምኑኝ ቢነግሩኝ ይሻለኝ ነበር፣ ቲቸር።» መዝገቡን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ወደ ሕፃናቱ ሄደች። ቀኑን ሙሉ አላየችኝም።

ወ/ሮ ከድጃ በኋላ የነገሩኝ፦ ስመኝ አንጓች ዘንድ ሄዳ አልቅሳ ነበር። ለምን እንዲህ ያደርጉኛል? ምን በደልኋቸው? አንጓች ሁሉን ታውቃለች። ግን አልነገረቻትም። ሽማግሌ ናቸው፣ ደክሟቸው ነው፣ አትቀየሚያቸው አለቻት።

ሸፈነችልኝ። እሷ። እኔን።

ዛሬ እህል አልቀመስሁም። አልማዝ ጾሙን አጠበቅኸው አለች። አይደለም አልኋትና ነገርኋት፤ ከመኩሪያ ጀምሬ እስከ ዛሬው። ሰባት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር አታውቅም ነበር። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ስጨርስ፣ ስመኝ ታውቃለች? አለችኝ። አታውቅም። እንግዲያው ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ብላ ተነሣች።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ። ከሰዓት 10።

ነገርኋት።

አስቀድሜ አንጓችን ጠየቅሁ፤ ታሪኩ የእሷም ነውና። ይንገሯት አለች፤ እኔም እቀመጣለሁ አለች። ግቢው ውስጥ፣ ሦስታችን፣ አንድ አግዳሚ ላይ። ስመኝ ለመቀመጥም ደስ አላላትም። ደላላው ሌላ ሦስተኛ ምስክር አግኝቶላታል፤ አይቷት የማያውቅ ሰው። ነገ 3 ሰዓት ቀበሌ ቀጠሮ አላቸው። ይህን ልታሳውቀኝ የመጣች ነው የምትመስለው።

ክፍል ውስጥ እንደማስረዳ ነው የጀመርሁት። መጠለያው ጋ ስደርስ አንጓች ተቀበለችኝና ቀሪውን እሷ ጨረሰችው፤ የአስተርጓሚዋን ጥያቄ በተራ፣ የእሷን መልስ በተራ። ስመኝ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ታያለች።

ልትሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

«ስንት ናቸው?»

ምኖቹ? አልሁ፤ ገብቶኝ ሳለ።

«እርስዎ የመሰከሩላቸው።»

አንጓች ብቻ ናት ልል አፌን ከፈትሁ። አልቻልሁም። በደንብ አላስታውስም አልሁ። «ቲቸር» አለችኝ፣ «እርስዎ አንድ ነገር ረስተው ያውቃሉ?»

ሰባት ናቸው። እዚያው ቆጠርኋቸው። ከአንጓች በኋላ ወሬው ወጣ፤ መምህር ይመሰክራሉ ተባለ፤ አባቶች መጡ። ሰባቱንም ስም፣ ክፍል፣ የተቀመጡበትን ረድፍ ጭምር አውቃለሁ። የደረሱበትን የማውቀው የሦስቱን ብቻ ነው። ይህን ለአልማዝም አልነገርሁም ነበር። ለአንተም አልነገርሁህም ደብተሬ። ኅዳር 28 ቀን በቅደም ተከተል ብዬ ስጽፍ ስድስት ልጆች ዘልያለሁ።

ከዚያ ውሳኔዬን ነገርኋቸው። ነገ 2፡30 ቀበሌ እገባለሁ። የሰባቱን ስም፣ የመሰከርሁትን ዕድሜና እውነተኛውን በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ እፈርምበታለሁ። ቢከሱኝም ይክሰሱኝ። ለስመኝም ሳልደብቅ ነገርኋት፤ እዚያ እያለሁ አንቺ ብትመጪና ስለ ዕድሜሽ ብጠየቅ 16 ናት እላለሁ።

ብድግ አለች። ዓይኗ ሞልቷል። «ሌሎቹን ልከው እኔ ላይ ሲደርስ ነው እውነት የመጣልዎት?»

እውነቷን ነው። ሳትሰናበተኝ ሄደች።

አንጓች ቀረች። ዝርዝሩ ላይ ስምሽ ይግባ? አልኋት። የእኔን መጀመሪያ ያድርጉት አለች። ካልከበደዎት ዕድሜዬንም ያስተካክሉልኝ፤ 22 ነኝ፤ 28 እያሉ ሲጽፉኝ እኔም ማመን ጀምሬ ነበር አለች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ሳታስፈቅድ።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ። ከጠዋቱ 1፡40።

ሌሊቱን ውርጭ ጥሏል። ዝርዝሩን በንጹሕ ወረቀት ገልብጫለሁ። ሁለት ቅጂ። አልማዝ ኮቴን ተኩሳለች። ቢያስሩህስ? አለች። ልብስ ታመጪልኛለሽ አልሁ። ቀልድህን ተወው አለች፤ ቀልዴን አልነበረም። ከእነዚያ ስድስት ልጆች ውስጥ የአንዷን እናት እሷም ታውቃታለች፤ ትናንት ማታ ነው የነገርኋት። እስካሁን ፊት ለፊት አላየችኝም። ኮቱን ግን ተኩሳለች።

ስለ ስመኝ አስባለሁ። 3 ሰዓት ላይ ከደላላው ጋር ትገባለች። እኔ እዚያ ተቀምጬ። ያን የመሰለ የእጅ ጽሕፈት ያላት ልጅ ትጠላኛለች። ትጥላኝ።

1፡55። በሩ ተንኳኳ። አልማዝ ከፈተች። ስመኝ ናት።

ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆማለች፤ አትገባም። ቀበሌ እንደማትሄድ፣ ምስክሩም እንዳይመጣ ትናንት ማታ ለደላላው ነግራዋለች። አክስቷ ተቆጥታ አታናግራትም። ደስ እንዳይልዎ ነው ያለችኝ መጀመሪያ። «ቀረሁ ብዬ አይደለም። ሁለት ዓመት ነው። በራሴ ዕድሜ እሄዳለሁ፤ እዚያ ቢከፋኝም ወረቀቴና እኔ የምንለው አንድ ይሆናል።» ይቅርታ አላልሁም፣ አመሰግናለሁም አላልሁ። የቱም የሚመጥን አልመሰለኝም። ታዲያ ለምን መጣሽ? አልኋት። «ብቻዎን ከሚገቡ ብዬ።»

አልማዝ ግቢና ሻይ ጠጪ ትላታለች። ይረፍድብናል እትዬ ትላለች።

2፡05። ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው። ጸሐፊው እንደ ልማዱ ከወንበሩ ይነሣልኛል፤ ተቀመጥ እለዋለሁ። ለምን መጡ ሲለኝ በአንጓች እጀምራለሁ፣ ከዚያ ስድስቱን በተራ እጠራለሁ። ስመኝ በሩ ላይ እየጠበቀችኝ ነው።